ከበሩ ኋላ የተሰቀለው ኮት

ሰኞ፣ 39 ቀን ቀረው

ይህን ደብተር የገዛሁት የደንበኞቼን ልክ ልመዘግብበት ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የአንዲት ሙሽራ የወገብና የክንድ ልክ አለ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ግን ከዛሬ ጀምሮ የራሴ ነው።

ነገሩ የመጣው ከሐኪሙ ነው። ባለፈው ሳምንት እትዬን ልቧን ላስመረምር ወሰድኳት። ሐኪሙ እሷን አይቶ ሲያበቃ ወደ እኔ ዞረና "አባትሽ በምን ሞቱ?" አለኝ። "በሳንባ" አልኩት። "መቼ?" ሲለኝ ቀኑን መናገር አልቻልኩም። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ሰው ከበር ሲገባ የሱሪውን ቁመት በዓይኔ እለካለሁ፤ አባቴ የት እንደተቀበረ ግን አላውቅም። እትዬ ጫማዋን ታይ ነበር።

እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ እኔን ስትወልድ ስለሞተች ያሳደገችኝም፣ ልብስ ስፌት ያስተማረችኝም እሷ ናት። የማውቀው እሷ የነገረችኝን ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ሳንባውን ታመመ፤ ኮረብታው ላይ ወደነበረው የሳንባ ሐኪም ቤት ገባ፤ እዚያው ሞተ፤ ኮቱን ላኩልን። ቡናማው ኮት እስከ ዛሬ ከመኝታ ቤታችን በር ኋላ በላስቲክ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ማንም አይነካውም።

ሐኪም ቤቱ ከተዘጋ ብዙ ዘመን ሆነው። መዝገቦቹ ግን መዛግብት ቤት እንዳሉ ሰምቼ ዛሬ ሄድኩ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ የንባብ ክፍሉ ሊዘጋ ነው፤ መዛግብቱ ታሽገው ሌላ ቦታ ይሄዳሉ፤ ዳግመኛ መቼ እንደሚታዩ ወደፊት ይገለጻል። "ወደፊት ይገለጻል" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቆምኩና በጣቴ ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው።

ረቡዕ፣ 37 ቀን

በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው። እስክሪብቶ፣ ቦርሳና ጃንጥላ በር ላይ ዘበኛው ጋ ይቀራሉ። የሚፈለገውን መዝገብ በአንዲት ትንሽ ወረቀት ሞልቶ መስጠት ነው፤ በቀን ከአራት በላይ አይፈቀድም። ወረቀቷ ላይ "ከተፈላጊው ሰው ጋር ያለ ዝምድና" የሚል መስመር አለ። "ልጅ" ብዬ ጻፍኩና ቃሉን ትንሽ አየሁት። እኔን የሚመለከት አልመስል አለኝ።

ክፍሉ ጣሪያው ሩቅ ነው። መስኮቶቹ ከሰው ቁመት በላይ ስለሆኑ ከውጭ የሚታየው ሰማይና ዝናብ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ይራመዳል፣ ቀስ ብሎ ይስላል። ውኃ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

መዝገብ ጠባቂው ረጅምና ሽበታም ሰው ናቸው፤ ድምፃቸው ከከንፈራቸው አይርቅም። ሰዉ ሹክሹክታ ይላቸዋል። ይህን የነገረኝ አጠገቤ የሚቀመጠው ጡረተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ ድምፁ አዳራሽ ይሞላል። አያቱ ታላቅ ዳኛ እንደነበሩ ሊያረጋግጥ አራት ወር ሙሉ ተመላልሷል።

የመጀመሪያውን የሟቾች መዝገብ አወጡልኝ። በሁለት እጅ ነው የሚነሳው። ስም፣ ዕድሜ፣ የአልጋ ቁጥር፣ ቀን። እስከ መዝጊያው ሰዓት አገላበጥኩ። የለም።

ዓርብ፣ 35 ቀን

እትዬ ጠዋት ደረቷን ያዛት። ቀረሁ። እኩለ ቀን ላይ ተሻላት፤ ተነስታ የመጋረጃ ጠርዝ ስትቀምቅም አየኋት።

ረቡዕም እንዲሁ ልወጣ ስል ነው ያመማት። የአጋጣሚ ነገር ነው።

"የሞተ ሰው ከእንቅልፉ ማስነሳት ምን ይጠቅምሻል?" አለችኝ ሻይ ስሰጣት።

"መቃብሩን ባውቅ ብዬ ነው።"

"ብታውቂው ምን ልታደርጊ?"

ጃንጥላዬን ስፈልግ ደግሞ አጣሁት፤ አልጋዋ ሥር ተገኘ። እርጅና ነው ብዬ ሳቅኩባት፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

ሰኞ፣ 32 ቀን

ትናንት እሑድ ነበርና መዛግብት ቤቱ ዝግ ነበር። እትዬ ቀኑን ሙሉ ደህና ዋለች።

ዛሬ ሦስተኛውን የሟቾች መዝገብ ጨረስኩ። ሰዎቹን እየለመድኳቸው መጣሁ። አልጋ ቁጥር አሥራ አራት ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ሰው ሞቷል። ስድስተኛው ሰው እዚያ አልጋ ላይ ሲያስተኙት ያውቅ ይሆን? ዝናቡ መስኮቱን ይመታል፤ የገጹ መስመሮች ይረዝማሉ፤ ዓይኔን ስከድን የአልጋዎቹ ረድፍ ይታየኛል። በረንዳ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ፀሐይ የሚሞቁ ሰዎች አሉ፤ ከታች ከተማው ይታያል። አንዱ የኛን ቤት እየፈለገ ይመስለኛል።

ጡረተኛው በክርኑ ነካ አድርጎኝ "እህቴ፣ ግንባርሽ መዝገቡን ሊነካ ነው" አለኝ። ለካ እንቅልፍ ወስዶኝ ኖሯል።

ከሰዓት በኋላ የአያቱን ስም አገኘ። የችሎት መዝገብ ላይ ነው፤ ግን በተከሳሽ በኩል። መስመሩን ሁለቴ አነበበና "ለማንኛውም ዳኛ ፊት ቆመዋል" አለ። ሹክሹክታ እንኳ ሳቁ።

ረቡዕ፣ 30 ቀን

ሕልም አየሁ። የሐኪም ቤት ፒጃማ የለበሱ ሰዎች ሱቄ በር ላይ ተሰልፈው ልብስ እንዳሳጥርላቸው ይጠብቃሉ። አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። የትከሻውን ስፋት ለካሁ፤ ሜትሩን ሳየው ቁጥር የለበትም። "ይዙሩ" አልኩት። አልዞረም። ስነቃ እጄ ብርድ ልብሱን ጨብጧል።

የሙሽራዋን ቀሚስ ገና አልጀመርኩም። ነገ እጀምራለሁ።

ሐሙስ፣ 29 ቀን

ቀሚሱን አልጀመርኩም።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ በየሁለት ቀኑ እየመጣች እትዬን መርፌ ትወጋታለች። ዛሬ ስገባ ከመኝታ ቤት ድምፃቸውን ሰማሁ።

"እስከ መቼ?" አለች ነርሷ።

"እኔ እስካለሁ።"

"ኋላ ከወረቀት ብታገኘው ይሻላል?"

"ልቧ ይሰበራል።"

"የማን ልብ?"

ስገባ ሁለቱም ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመሩ። ስለ ሕመሟ መሆን አለበት፤ ሐኪሙ ከእኔ የደበቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም። ከፋኝ። እኔ እዚያ ሙታን ስቆጥር እትዬ እዚህ ለብቻዋ እየታመመች ነው። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ነገ አልሄድም ብዬ ወሰንኩ።

ዓርብ፣ 28 ቀን

ሄድኩ። የለም።

ማክሰኞ፣ 24 ቀን

ሹክሹክታ ዛሬ የሞላሁትን ወረቀት ተቀብለው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሟቾችን ብቻ ነው የሚጠይቁት።"

"ሞቷል ስለተባልኩ ነዋ።"

"በሐኪም ቤት እኮ ሰው ይድናል" አሉኝ ቀስ ብለው። "የንብረት መዝገብ የሚባል አለ። የሞተውም የዳነውም ሲገባ ልብሱን አስረክቦ ነው ፒጃማ የሚለብሰው። እሱን ባወጣልዎትስ?"

ሞኝነቴን ለማን ልንገረው? ይህን ያህል ጊዜ አንድ ዓይነት መዝገብ ብቻ ሳገላብጥ ሌላ ይኖራል ብዬ አንዴ እንኳ አልጠየቅኩም።

ስሙ ከነአባቱ ስም አምስተኛው ገጽ ላይ ነበር። በቃ፣ እንደማንኛውም ሰው ስም ተጽፎ ተቀምጧል። "ቡናማ ኮት አንድ፣ የግራ ኪሱ የተቀደደ። ግራጫ ሱሪ አንድ። ጫማ አንድ ጥንድ።" ጣቴን "የተቀደደ" የሚለው ላይ አሳረፍኩ። አባቴን እንደ ደንበኛ አየሁት፤ በግራ ኪሱ አንድ ከባድ ነገር ይይዝ የነበረ ሰው ነው።

የመጨረሻው ዓምድ "ተረካቢ" ይላል። ከላይም ከታችም "ሚስት"፣ "ወንድም"፣ "አጎት" ተብሎ የጣት አሻራ ታትሟል። የእሱ መስመር ላይ ያለው ፊርማ ነው። ቤት ባለን ብቸኛ ፎቶው ጀርባ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ቀኑ ከገባ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በክረምቱ አጋማሽ።

ዘመድ ፈርሞለት ይሆናል። የሰው ፊርማ ይመሳሰላል።

ረቡዕ፣ 23 ቀን

እትዬ ተኝታ ሳለች ላስቲኩን ከኮቱ ላይ ገለጥኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የግራ ኪሱ ተሰፍቷል።

በእጅ ነው የተሰፋው፤ ደቃቅና ጥቅጥቅ ያለ ነው። በየአሥሩ ስፌት አንዱ ወደ ኋላ ተመልሷል። ክሩ ቢበጠስ እንኳ ከአሥር በላይ እንዳይተረተር። እኔም የምሰፋው እንደዚህ ነው፤ የተማርኩት ከእትዬ ነው። ግን ለአንዲት ኪስ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? በዚህ ዓይነት ስፌት ያቺን ቀዳዳ ለመድፈን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ለደንበኛ ቢሆን በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው።

ሐኪም ቤቱ የራሱ ልብስ ሰፊ ይኖረው ይሆናል። ወይም እትዬ ኮቱ ከተላከላት በኋላ ሰፍታው ይሆናል። አዎ፣ እንደዚያ ነው። ግን ከተላከ ለምን ራሱ ፈርሞ ወሰደው?

የሙሽራዋን ቀሚስ በካውያ አቃጠልኩት። ዳሌው ላይ የጣት ያህል። ሌላ ጨርቅ አግኝቼ እንደገና መቁረጥ አለብኝ። የማደርገውን አላውቅም።

ዓርብ፣ 21 ቀን

የተሰናባቾች መዝገብ የሚባል አለ። ድነው የወጡት የሚጻፉበት። ጠየቅኩ። ለማሸግ ወደ ታችኛው ፎቅ ወርዷል፤ ከሳጥኖቹ ሥር ፈልገው እስኪያወጡት ልጠብቅ።

ልጠብቅ! አርባ ዓመት የጠበቀ ሰው ሳምንት አይጨንቀውም ብለው ነው መሰል። ጨነቀኝ እንጂ።

ሰኞ፣ 18 ቀን

ሹክሹክታ በጣታቸው ጠሩኝ። አንዱን የሟቾች መዝገብ ለማሸግ ሲያዘጋጁ የኋላውን ሽፋን ከፍተዋል። መዝገብ ያየ ሰው ሁሉ ሲመልስ እዚያ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ቀን ጽፎ ይፈርማል፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ከእኔ ወረቀት ሥር ግን አንድ ሌላ ቢጫ የሆነ ወረቀት ኖሯል።

"ከእርስዎ በፊት ይህን መዝገብ የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው" አሉኝ። "ስድስት ጊዜ።"

ፊርማውን ከሩቅ አወቅኩት። በየዓመቱ የትምህርት ቤት ውጤቴ ላይ፣ "የወላጅ ፊርማ" በሚለው ቦታ፣ ያው ጭራው ወደ ላይ የሚሸሽ ፊርማ ነው። የእትዬ ነው። ቀኖቹን ቆጠርኩ። ዘጠኝና አሥር ዓመቴ ነበር። ያን ጊዜ አንዳንድ ቀን ጫማዋ ርሶ ትገባና "ጨርቅ ልገዛ ሄጄ" ትለኝ ነበር። ጨርቅ ግን ይዛ አትመጣም ነበር።

ሞቷል ያለችኝን ሰው፣ ሞቶ እንደሆነ ለማየት ስድስት ጊዜ መጥታለች። ከፎቶው ያነሰ ነገር ነው የያዝኩት፣ አንድ ፊርማ። ሹክሹክታ ወንበር ሳቡልኝ።

ማታ እራት አቅርባ "ዛሬስ?" አለችኝ። እንደ ሁልጊዜው።

"የለም" አልኳት። ፊቷ ላይ የመጣው ምን እንደሆነ መናገር አልችልም። እፎይታ ነው ብዬ መጻፍ አልፈልግም።

ሐሙስ፣ 15 ቀን

መጣ። ቀጭን መዝገብ ነው። ከሟቾቹ በጣም ይቀጥናል።

ስም። የገባበት ቀን። የወጣበት ቀን፤ ኮቱን የተረከበበት ያው ቀን። ውጤት፦ "ድኖ ወጣ።"

ከዚያ ቀጥሎ "የሚሄድበት" የሚል ዓምድ አለ። ከእሱ በላይ ያሉት "ወደ ሥራው"፣ "ወደ ሚስቱ"፣ "አይታወቅም" ይላሉ። የእሱ ላይ "ወደ ልጁ ቤት" ተብሎ ተጽፏል።

በእርሳስ ገለበጥኩት። ሦስት ቃል ነው፤ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ጡረተኛው መሐረቡን ወደ እኔ ገፋው። ከመስኮቱ በላይ ደመናው ሲገለጥ ትዝ ይለኛል። አንድ ሰው ቡናማ ኮት ለብሶ፣ ኪሱ የተቀደደ፣ ከኮረብታው ላይ እየወረደ ታየኝ። አይቸኩልም። መንገዱን ያውቀዋል። አራት ዓመቴ ነው፤ እቤት አለሁ።

ከዚያስ?

ዓርብ፣ 14 ቀን

አላነጋገርኳትም።

ቅዳሜ፣ 13 ቀን

አላነጋገርኳትም። እሷም አልጠየቀችም። መርፌ ላይ ክር ልታስገባ ስትታገል አየሁና ቀምቼ አስገባሁላት።

እሑድ፣ 12 ቀን

ከሰዓት በኋላ ኮቱን ከበሩ ኋላ አውርጄ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩት። ኪሱን ወደ ላይ አድርጌ።

"ይህን ማን ሰፋው?"

በእጇ ዳበሰችው። ከዚያ ያለችውን ሳልረሳ እዚህ ልጻፈው።

"እዚያች ደፍ ላይ ቆሞ ነበር" አለች። "ይዘንብ ነበር። ወረቀቱን አሳየኝ፤ 'ድኛለሁ እትዬ፣ ልጄን ልወስድ መጣሁ' አለኝ። በሩን ግማሽ ከፍቼ ነው የማናግረው። ፈራሁ። ሳሉ ይጋባብሻል ብዬ ፈራሁ፣ ይኸው እሱን ነው ለራሴ የምነግረው። አንዴም አልሳለም ግን። አንዴም!"

"ከዚያስ?"

"አንቺ ከውስጥ 'እማዬ' ብለሽ ጠራሽኝ። እሱም ሰማ። 'ማንን ነው?' አለኝ። ምን ልበለው? ዓይኔ ኪሱ ላይ ዋለ። 'ኮትህን አምጣ፣ እስክሰፋልህ ጠብቅ' አልኩት። አውልቆ ሰጠኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩና መስፋት ጀመርኩ።"

"አንድ ሰዓት" አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። "ስንት እንደፈጀ አላውቅም። ስፌቱን ስጨርስ ግባ ልለው ነበር። ልጨርስ ስል ሌላ እጨምራለሁ። ልጨርስ ስል ሌላ እጨምራለሁ። ጨርሼ በሩን ስከፍት የለም። በሸሚዙ ነው የሄደው፣ በዚያ ዝናብ፣ ከሳንባ በሽታ የተነሳ ሰው። ኮቱን ሊወስድ ይመለሳል ብዬ ሰቀልኩት። ዓመት ጠበቅኩ። አንቺም መጠየቅ ስትጀምሪ ሞቷል አልኩሽ፤ ብዬ ብዬ እኔም አመንኩት። ኋላ ደግሞ በዚያ ዝናብ ሰበብ ታሞ ተመልሶ ገብቶ እንደሆነ ብዬ መዝገብ ማየት ጀመርኩ።"

አሁን ገባኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን አስቀምጣኝ "ከዛሬ ጀምሮ እማዬ አትበይኝ፣ እትዬ በይኝ፣ አባትሽ እንደዚያ ነው የሚጠራኝ" አለችኝ። ያጠፋሁ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ አልቅሻለሁ።

"ሰረቅሽኝ" አልኳት።

"አዎ" አለች።

ሰኞ፣ 11 ቀን

ሱቅ ነው ያደርኩት። ከጨርቁ ክምር ላይ።

ማክሰኞ፣ 10 ቀን

ቀሚሱ አለቀ። በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ነገር ሰፍቼ አላውቅም። ንዴት እጅ ያቀናል መሰለኝ።

ረቡዕ፣ 9 ቀን

ነርሷ ሱቅ ድረስ መጣች። መቀመጫ ብሰጣትም አልተቀመጠችም።

"እግሯ አብጧል። አትበላም።"

"ታውቂ ነበር?"

"ያን ቀን መንገድ ላይ አልፎኝ ሄዷል። በሸሚዝ። ልጠራው እችል ነበር" አለች። "የሥራ ፈረቃዬ ረፍዶብኝ ነበር።"

ሁሉም ሰው በዚያ ዝናብ ውስጥ የየራሱ ሥራ ነበረው ማለት ነው። ነርሷ ከሄደች በኋላ መቀሱን ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ምንም አልቆረጥኩም። አባቴ ለምን አልተመለሰም? በሩን ለምን አልገፋውም? የአራት ዓመት ልጁ ሌላ ሰው "እማዬ" ስትል የሰማ አባት፣ ደህና ናት ብሎ ሄዶ ይሆን? እትዬን ብቻ እንዳልጠላ አእምሮዬ እየተሯሯጠ ነው። እንዳልጠላት ማን አዘዘኝ? ግን ትናፍቀኛለች። ይህን መጻፍ አሳፈረኝ፤ ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ 6 ቀን

ተመለስኩ። በሩን ስከፍት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አንድ ልብስ ይዛለች፤ ያለ ክር በባዶ መርፌ ትሰፋለች። ክሩ መውጣቱን አላየችም።

ክር አስገባሁላት፣ ሾርባ አሞቅኩ፣ እግሯን ትራስ ላይ አደረግኩላት። ማንኪያውን ስሰጣት እጄን ያዘችና አልለቀቀችም፤ በግራ እጄ አበላኋት።

"መዝገቡ ላይ ምን ይላል?" አለች።

"ራስሽ ታነቢዋለሽ።"

ሐሙስ፣ 1 ቀን

ሐኪሙ ለአጭር ሰዓት ከሆነ ትውጣ ብሏል። ሹክሹክታ መዝገቡን ሳያሽጉ በመሳቢያቸው እንዳስቀመጡልኝ ነገሩኝ፤ ደንቡ ስለማይፈቅድ ለማንም እንዳልናገር። እዚህ መጻፍ መናገር አይደለም።

ዓርብ፣ የመጨረሻው ቀን

ዝናብ። ታክሲው በሩ ድረስ አስጠጋን። ከዚያ ደረጃዎቹን አንድ በአንድ፣ በየአንዱ እያረፍን ወጣን። እትዬ አንድ ጥቅል በብብቷ ይዛለች፤ ልቀበላት ብል እምቢ አለች። የበሩ ዘበኛ ጥቅሉን እዚያው ተቀብሎ አስቀመጠ፣ የእንግዳ ደብተሩንም ገለጠ።

"ስንት ናችሁ?"

"ሁለት።"

"ምንሽ ናቸው?"

እትዬ ወለሉን አየች።

"እናቴ ናት" አልኩት። ጻፈ።

ክፍሉ ባዶ ሆኗል። መደርደሪያዎቹ ላይ የመዝገቦቹ ቅርጽ በአቧራ ታትሞ ቀርቷል። ጡረተኛው አንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የአያቱን የክስ መዝገብ ይገለብጣል፤ ለልጅ ልጆቹ ሊያነብላቸው ነው አሉ። ለእትዬ ተነስቶ ወንበሩን ሰጣት። ሹክሹክታ መዝገቡን ከፍተው አስቀመጡልንና ራቅ ብለው ቆሙ።

መነጽሯን አደረገች። ጣቷ በመስመሩ ላይ እንደ መርፌ በዝግታ ሄደ። ስሙ ላይ ቆመ። "ድኖ ወጣ" ላይ ቆመ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ሁለቴ አነበበችው፣ ከዚያ በድምፅ።

"ወደ ልጁ ቤት።"

መነጽሯን አወለቀች።

"የእኔን ቤት ነው እንዲህ ያለው" አለች። "ወደ እህቴ ቤት አላለም። ስድስት ጊዜ መጥቼ ይህን አላየሁም። ሞቶ እንደሆነ ነው የጠየቅኩት፤ ድኖ እንደሆነ አልጠየቅኩም።"

"እኔም አልጠየቅኩም" አልኳት።

አለቀሰች። እኔም። ሹክሹክታ የሚያሽጉት ነገር ባይኖርም ገመድ ማሰር ጀመሩ። ስንጨርስ የኋላውን ሽፋን ከፍተው እርሳስ አቀበሉን፤ ወረቀቱ ባዶ ነበር። እትዬ ፈረመች፤ ጭራው ወደ ላይ ይሸሻል። ከሥሯ እኔ ፈረምኩ። ከዚህ በኋላ መዝገቡን ማን እንደሚከፍተው አላውቅም፤ ሁለታችን መምጣታችንን ግን ያያል።

አባቴ የት እንደሄደ አላወቅኩም። ወዴት ይሄድ እንደነበር ነው ያወቅኩት። ይበቃኛል አልልም።

ስንወጣ ዘበኛው ጥቅሏን መለሰላት። ውጭ ደረጃው ላይ ዝናቡ ጠንክሯል። እትዬ ጥቅሉን ፈታች። ላስቲኩ የለም፤ ኮቱ ብቻ ነው። እጇን ከፍ አድርጋ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ፣ በትከሻዬ ላይ አስቀመጠችው።

"ልበሺው፤ ይበርድሻል።"

ለበስኩት። እጅጌው ጣቴን ሸፈነው። እሷም ወደ ኋላ ፈንጠር ብላ እንደ ልብስ ሰፊ አየችኝ፤ ከአገጬ እስከ ጉልበቴ።

"ትከሻው ሰፍቶሻል" አለች። "ነገ እናጥብበው።"

"ይቅር፣ እንዲሁ ይሁን እማዬ።"

ታክሲው እስኪመጣ ከደረጃው ላይ ቆመን ጠበቅን። ግራ እጄን ኪሱ ውስጥ ከተትኩ። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተፈታም።